መድኃኒቱን የጨመረችው እሷ ናት

የበደለኝ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ነው። የበደለኝም ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያችንን አጥር በወሰደበት ክረምት፣ በቀበሌው ግቢ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ተነሳ፣ እጁን ወደ እኔ ዘረጋና «መድኃኒቱን የጨመረችው እሷ ናት» አለ። ሌላ ቃል አላከለም። ተቀመጠ።

ውሸት አልተናገረም። እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለትም ለዚህ ነው። ዋሽቶብኝ ቢሆን ኖሮ እከሰው ወይም በሽማግሌ አስጠይቀው ነበር። እውነት ተናግሮ የበደለን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ግን የነገረኝ የለም።

ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም፣ ሚስቱም ደህና ሴት ናት። የራሴንም አልጽፍም። ሰፈሩ ያወጣልኝ ሌላ ስም አለ፤ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። ወላጆቼ ከደጋ መጥተው አቦቦ ሰፈሩ። እኔ ትምህርቴን እንደ ምንም ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ። ያኔ የከተማው ውሃ ማለት ባሮ ማለት ነበር። ሰው ገላውን ከሚታጠብበት፣ ልብስ ከሚያጥብበትና ዓሣ ከሚያወጣበት ወንዝ ቀድቶ ይጠጣል። ሻል ባለ ቤት ውሃው በርሜል ውስጥ ያድርና ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩ ይቀዳል። የእኛ ጣቢያ ከበርሜሉ የተለየ ነገር አላመጣም፤ በርሜሉን አሳደገው እንጂ። መጀመሪያ ፓምፕ ተተከለ። ፓምፑ ባሮን እንዳለ፣ ከነቡናማነቱ፣ ከፍታው ላይ ወዳለው ታንከር ገፋው። ወንዙ ራሱ በቧንቧ ቤታችን ድረስ መጣልን ተብሎ ተሳቀ። ቀጥሎ ውሃው የሚረጋባቸው ገንዳዎች ተሠሩ፣ ከገንዳዎቹ በኋላ የአሸዋ ማጣሪያው፣ በመጨረሻ ደግሞ እኔ ያረጀሁባት ክፍል።

ክፍሏ መስኮቷ ጠባብ፣ ቆርቆሮዋ በሙቀት የሚንጫጫ ነበረች። በአንድ ጥግ አሉም ይከመራል፤ እሱ ጭቃውን አሰባስቦ ወደ ታች የሚያዘቅጠው ነው። በሌላው ጥግ ክሎሪን፤ እሱ ተሕዋስያኑን የሚገድለው ነው። እኛ ግን አሉምም ክሎሪንም አንልም። ሁለቱም መድኃኒት ናቸው። «መድኃኒት አልቋል» እንላለን። «መድኃኒቱን ቀነስ አድርጊው፣ ዓይን ያቃጥላል» እንባባላለን። ውሃውንም «አከምነው» እንጂ አጣራነው አንልም። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ስቀጠር ቃሉ እዚያው ነበር፣ ከባልዲውና ከጓንቱ ጋር ተረከብኩት።

ከቤቴ ፊት ለፊት ቦኖ አለ። ከቦኖው ጎን ዓሣ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፣ አኙዋ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። የልጇን ልጅ ታሳድጋለች፤ ልጇ ማታር ከተማ ለንግድ እንደሄደች እዚያው ኑሮ መሥርታለች። ጎረቤቴ አማርኛ የምትናገረው ፈጥና፣ ቀልድ እየጨመረች ነው፤ ነገር ግን አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። እኔንም፣ ዓሣ የሚገዛትንም፣ ፍየሏንም «አንተ» ነው የምትለው። መጀመሪያ ሰሞን አርማት ነበር። በኋላ ተውኩት። እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ በእሷ ቋንቋ ከሰላምታ አላለፍኩም፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረመችኝም።

ጠዋት ጠዋት ከአዳር ሥራ ስመለስ ቦኖው ላይ ትጠብቀኛለች።

«አንተ፣ ዛሬ ውሃ ልብስ አጠበ እንዴ? በረኪና በረኪና ይላል።»

«ታክሞ ነው።»

«ምን አመመው?»

«ባሮ ነዋ። ምን የማያመው አለ?»

«ባሮን አትስደብ። አያቴ እሱን ጠጣ፣ ጥርሱ ሳይወልቅ አረጀ።»

«ከአያትሽ ጋር ተወልደው ያላረጁትስ?»

«እነሱ አልጠጡም፣ ሰመጡ» ብላ ትስቃለች። ጀሪካኗን ትሞላለች፣ ልጅቱም ትንሿን ትሞላለች። እንዲህ ነበርን።

ያ ክረምት ገባ። ባሮ ሲሞላ አይቻለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ገንዳዎቻችን ጫፍ ድረስ መጣ። ፓምፑ የሚስበው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ሆነ። አሉም አበዛሁ። ከጤና ጣቢያው ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች እየመጡ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰን ክሎሪኑንም ከፍ አደረግን። የቧንቧው ውሃ ከሩቅ የሚሸት ሆነ፤ ሰዎችም ጣቢያው ድረስ እየመጡ ማማረር ጀመሩ።

ኃላፊው ጠራኝ። የአገሬ ሰው ነው፤ ወላጆቻችን ገበያ የሚውሉት አንድ ቦታ ነበር። ስለዚህ እንደ እህቱ አድርጎ ነው ሲያዘኝ የኖረው፣ ማለትም ያለ እባክሽ።

«ፒክአፑ ላይ ሞንታርቦ ጭነሽ ሰፈር ለሰፈር ዙሪ። ሽታው የመድኃኒት እንደሆነ ካልተነገራቸው ውሃውን ይጠሉታል።»

«ምን ብዬ ልናገር?»

«ምን ብለሽ ማለት? እንዳለ ንገሪያቸዋ።»

እንዳለ ነገርኳቸው። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ለጤናችሁ ሲባል ውሃው ውስጥ ብዙ መድኃኒት ጨምረናል። ሽታውን ሳትፈሩ ጠጡ።» መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እኔ እደጋግማለሁ። ሰዎች በየደጃፋቸው ወጥተው ቆሙ። ዝም ብለው ነበር የሚያዩን። እኔ አክብረውን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና «እህቴ፣ ‹ሳትፈሩ› ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ። ምነው?»

«አይ፣ ምንም።»

አማርኛን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሴት ነኝ። «እከሊት መድኃኒት ጠጣች» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ራሷን ገደለች ማለት ነው። «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል ባሏን በመተት አፈዘዘችው ማለት ነው። «አቅምሳው ነው» የሚባለውም ያው መድኃኒቱን ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል የያዝኩት ቃል በጆሮዬ ከባልዲ የተለየ ስላልነበረ፣ በሞንታርቦ ይዤው ዞርኩ። ጎረቤቴ ኋላ እንደነገረችኝ በእነሱም ቋንቋ የሚያድነውና የሚገድለው በስም የሚራራቁ አይደሉም። ከሁሉም ወገን አንድ ሰው ሳይቀር አስደነገጥኩ ማለት ነው።

በማግሥቱ ቦኖው ባዶ ነበር። ጀሪካኖቹ በቤቴ በኩል አልፈው ወደ ባሮ ወረዱ። ጎረቤቴ ደጃፌ ላይ ቆመች፤ ጀሪካኗ ገና አልሞላም።

«አንተ፣ እውነት መድኃኒት ጨመርክ?»

«የሚያክም ነው እኮ። የዱሮው ነው፣ በረኪና የምትይው።»

«የዱሮው ከሆነ ትናንት ለምን ጮህክ?»

«ነገ ስብሰባ አለ፣ ኃላፊው ያስረዳችኋል» አልኳት። በእሱ ላይ እምነት ነበረኝ። የተማረ ሰው ነው፣ አንደበቱም የተፈታ ነው። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ውሃው ንጹሕ ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ይህን ብቻ ነበር የምጠብቅበት።

ስብሰባው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶልን፣ ከፊታችን የታሸገ ውሃ ተደርድሮ ተቀምጠናል። ኃላፊው ስለ ጎርፉ ብዙ አወራ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሱና በአስተርጓሚ «መድኃኒቱን ውሃው ውስጥ የጨመረው ማን ነው? እሱን አሳዩን» አሉ። የሰው ድምፅ ከፍ አለ። ኃላፊው ሕዝቡን አየ፣ እኔን አየ። ቀጥሎ ያደረገውን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች ተናገረች።

«አንቺ ነሽ?»

አንቺ አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያላገኘችውን ቃል ያን ቀን አገኘችው። አይደለሁም እንዳልል፣ የጨመርኩት እኔው ነበርኩ።

ከኋላ አንድ ወጣት «እናንተስ የምትጠጡት የትኛውን ነው?» አለ። ኃላፊው ከፊቱ የነበረውን ፕላስቲክ ወደ ጎን ገፋ አደረገና «ይኼ ለስብሰባ የመጣ ነው» አለ። ሰው ሳቀ፣ ግን የደስታ ሳቅ አይደለም። እኔም ጭኔ ላይ አንድ ነበረኝ፣ ተከፍቶ የተጋመሰ። ወንበሬ ሥር ሸጎጥኩት። ስሸጉጠው ጎረቤቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ኃላፊውን «እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ?» አልኩት።

«ምን አደረግኩሽ? አልጨመርሽም?»

«ጨምሬያለሁ።»

«እንግዲያስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ስሜ ባለመድኃኒቷ ሆነ። ሕፃናት በአጥሬ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ይዘው ይሮጣሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ እየሳቁ «ባለመድኃኒቷ መጣች» ይሉኝ ጀመር፤ እነሱም ያው መድኃኒት ሲያቀብሉኝ የኖሩ ናቸው። ሥራዬን ግን አላቋረጥኩም። እንደ ልማዴ አሉሙን በጥብጬ፣ ክሎሪኑን መዝኜ፣ ማንም የማይቀዳውን ውሃ ሳክም ሰነበትኩ።

ጎረቤቴ ቤት መሄድ እችል ነበር። በመካከላችን ያለው አንድ ቦይ ነው። ይቅርታ ካልኩ መርዝ መጨመሬን አመንኩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ኃላፊው ነው፣ እሱ እስኪጠይቀኝ እኔ ማንንም አልጠይቅም አልኩ። በዚህ ላይ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ግን እንዲህ እያልኩ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ፣ ልጅቱ ትንሿን ጀሪካን ይዛ ከአያቷ ኋላ ወደ ባሮ ስትወርድና ቡናማውን ተሸክማ ስትመለስ በየቀኑ አይ ነበር። ውሃው ምን እንዳለበት ከሰፈሩ ሁሉ አስበልጬ የማውቀው እኔ ነኝ። ማታ ማታ ስጸልይ እንኳ የሚሰማኝ የራሴ ድምፅ ነበር፤ ሳትፈሩ ጠጡ ይላል።

ልጅቱ ታመመች። ያወቅኩት ባጃጅ በራቸው ላይ ሲቆምና ጎረቤቴ በነጠላ ጠቅልላ ስታወጣት ሳይ ነው። እግሮቿ ከነጠላው ሥር ተንጠልጥለዋል። ጤና ጣቢያው በሰው ስለተጨናነቀ ወዲያው መልሰዋቸው ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስብሰባው ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። በእጇ የተቅማጥ ዱቄት እሽጎች ይዛለች።

«ነርስ ነገረኝ» አለች፣ ወደ እሽጉ እያየች። «መድኃኒት፣ ውሃ ውስጥ።»

«አዎ። ውሃ ውስጥ በጥብጠሽ ነው የምታጠጫት።»

«በንጹሕ ውሃ አለኝ። የወንዝ አይሆንም አለኝ።»

«አይሆንም።»

«ንጹሕ ውሃ የት አለ?»

ይህን ስትጠይቀኝ አልቀለደችም፣ አልተቆጣችም። የት እንዳለ ጠፍቷት ነበር የጠየቀችኝ። ከተማው ውስጥ ሁለት ውሃ አለ፤ አንዱ ልጅቱን ያሳመመባት፣ ሌላው እኔ በሞንታርቦ የነጠቅኳት።

ገባሁና ከቧንቧዬ በጆግ ቀዳሁ። አወጣሁላት። እጇን አልዘረጋችም። ጆጉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጅቱ በራቸው ጥላ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ትታየኛለች።

ያኔ እጄ ከእኔ ቀድሞ አንድ ነገር አደረገ። እናቴ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ነው የምታቀርበው። አክስቶቼም እንዲሁ። በእኛ አገር ሳይቀምስ የሚያቀርብ አስተናጋጅ እንደ ባለጌ ነው የሚታየው። ለምን እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፣ ስናድግ እያየን ነው የወረስነው። ለካ ምክንያቱ ይኼው መድኃኒት ነው። የሚያቀርበው ሰው «ያቀመስኩህ ነገር የለም፣ ካለም አብረን ነን» ማለቱ ነው። ያ ሁሉ ፓምፕና ገንዳ ሲሠራ፣ ያ ሁሉ ውሃ ሲታከም፣ ከእኛ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንዳችን በሰው ፊት ቀምሰን አናውቅም። ጠላ የሚቀመስለት ሕዝብ ውሃ ሳይቀመስለት ጠጡ ተባለ፤ ቀማሾቹም የታሸገ ይዘን ተቀመጥን።

ከጆጉ መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ጠጣሁ። በረኪናው አፍንጫዬ ድረስ ወጣ። ጎረቤቴ አፌን፣ ከዚያም ጉሮሮዬን አየች።

«ድገም» አለችኝ።

ድገሚ አላለችም። ደገምኩ። ጆጉን ከእጄ ወስዳ ሄደች፤ ዱቄቱን ጆጉ ውስጥ ስትበጠብጠው ቆሜ አየሁ።

ልጅቱ ዳነች፣ ግን ቶሎ አይደለም። ለብዙ ጊዜ ጉልበቷ ከጭኗ ወፍሮ ይታይ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በአጥሬ ስታልፍ «ባለመድኃኒቷ፣ እንዴት ዋልሽ» ትለኛለች፤ ስሜ እሱ ይመስላታል፣ ክፋት የላትም። እኔ ግን ሁልጊዜ ጉልበቷን ነው የማየው። አያቷ ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ቦኖው ላይ ስንገናኝ ዓሣ ተወደደ፣ ሙቀቱ በዛ እንባባላለን። የእሷን የልጅ ልጅ ስላየኋት ነው እንጂ፣ ያን ቀን ሞንታርቦው የተሰማባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። በሌላው ሰፈር የማን ልጅ በባጃጅ እንደወጣች፣ የትኛዋስ እንዳልተመለሰች አላውቅም። ጤና ጣቢያ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። አልሄድኩም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቦኖው ሲከፈት እወጣለሁ። ሰው ፊት ከቧንቧው በመዳፌ ተቀብዬ እጠጣለሁ። መጀመሪያ ጎረቤቴ ጀሪካኗን አቀረበች። እሷን ያዩ መጡ። የሳቁብኝም ነበሩ፣ «ባለመድኃኒቷ ቁርሷን በላች» የሚሉ። እነሱም ቀዱ። እስከ ዛሬ ከባሮ የሚቀዱ አሉ፤ እነሱን ምንም ማለት አልችልም። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ይህን አልተውኩም።

ኃላፊው ባለፈው ዓመት ወደ ላይ ተሹሞ ሊሄድ ሆነ። ለሽኝቱ እኔንም ጠሩኝ፤ ከቆዩት ሠራተኞች አንዷ ናት ተብሎ። ንግግር ተደረገ፤ በሥራ ዘመኑ ከተማው ንጹሕ ውሃ ማግኘቱ ተነገረ። እሱም ቆሞ «ይህን ብቻዬን አልሠራሁትም» አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ሰው አጨበጨበልኝ። ያንኑ እጅ፣ በዚያው አዘረጋግ ነው የዘረጋው። የዛፉን ሥር ያስታውስ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። አያስታውስም።

ከቦኖው የቀዳሁትን ጆግ ይዤ ነበር የሄድኩት። ተነስቼ ከፊቱ የነበረውን የታሸገ ውሃ ወደ ጎን አደረግኩና ብርጭቆውን ሞላሁለት። እሱም የእኔው አገር ሰው ነው፣ የእሱም እናት ትቀምስ ነበር። መዳፌን ሲጠብቅ አየሁት።

አልቀመስኩለትም። ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።